ወንድም ሆኜ የቀረሁበት አገር

ከወምበርማ በወጣሁበት ዋዜማ ምሽት ቤታችን የሐዘን ቤት መስሎ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ መጥቶ መደቡን ሞልቶታል፤ እናቴ ስንቄን እየቋጠረች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ የነፍስ አባታችን የመንገድ ጸሎት ያደርሳሉ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ፣ ይህ ሁሉ ለቅሶ የሚለቀስለት አገር ከጓሯችን የሚታይ መሆኑ ነው። አጥራችን ዳር ቆሞ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው የዓባይን ሸለቆ ያያል፤ ከሸለቆው ማዶ የተጋደመው ሰማያዊ ተራራ ወለጋ ነው። አጎቴ ገና ሳይመሽ እንግዶቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ወደ ጓሮ ይወስድና፣ «ያውና! እዚያ ነው የሚሄደው» እያለ በጣቱ ያሳይ ነበር። ያዩትም ሰዎች ተመልሰው ገብተው አለቀሱ።

ለቅሶው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ በኩል ድልድይ ስላልነበረ፣ ያን የምናየውን ተራራ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ምዕራብ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል መጓዝ ነበረብኝ። በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የተማርኩ፣ የአገሪቱን ካርታ ከነወንዞቿ በቃሌ መሣል የምችል ሰው ነበርኩ፤ ሆኖም ከእናቴ ጓሮ የማየውን ተራራ ጀርባ ለማየት ብዙ ቀን በአውቶቡስ ተንገላታሁ።

ይህን የምጽፈው እዚያው ለቀራችሁት የወምበርማ ዘመዶቼ፣ እንዲሁም እንደ እኔ ከየጠቅላይ ግዛቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወለጋ ገብታችሁ ለቀራችሁት ሁሉ ነው። «ሁለት ዓመት አስተምሮ ይመለሳል የተባለው ሰው ምን ነክቶት ቀረ?» እያላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሌንሴ የምትባል ልጅ ላገባ ፈልጌ ነበር። ነገሩን ያበላሸሁት በራሴ ጥንቃቄ ነው።

ነቀምቴ የገባሁት በመስከረም ነው፤ ዝናቡም አብሮኝ ገባ። የእኛ አገር ዝናብ ቁጡ ነው፤ ጮኾ፣ በረዶውን ጥሎ ይሄዳል። የነቀምቴ ዝናብ ግን ልክ እንደ ቅርብ ዘመድ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲመሽም አይነሣም። ጫማዬ በሁለተኛው ሳምንት ሻገተ። በበከኒሳ ቀሴ ሠፈር ቤት የሚያከራዩ አናጺ አሉ ተብዬ ሄድኩ፤ ኦቦ ዋቅጅራ ይባላሉ። «ኦቦ» እኛ «አቶ» እንደምንለው ያለ የክብር መጠሪያ ነው። የከተማውን ትምህርት ቤት ዴስክ የሠሩ፣ በጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ የሆኑ፣ ሳቅ የማይታይባቸው ሰው ነበሩ። ሲያነጋግሩኝ መላጊያቸውን ከእጃቸው አላኖሩም።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«በከተማው ዘመድ?»

«የለኝም።»

«ትጠጣለህ?»

«በበዓል ቀን ብቻ ጠላ እቀምሳለሁ።»

«በዓላችሁ ስንት ነው?»

እኔ ለጥያቄ በግምት መመለስ አልወድም። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት እያልኩ በየወሩ የሚውሉትን በተራ ቆጠርኩላቸው። ኦቦ ዋቅጅራ ጣታቸውን እያጠፉ ተከተሉኝ፤ አንዱ እጃቸው አለቀ፤ ሁለተኛውም አለቀ።

«ወንድሜ፣ እንግዲህ የምታስተምረው መቼ ነው?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ መላጊያቸውን ገፉ። «በዚህ ግቢ ጠላ አይገባም። ቤቱን ግን ትይዛለህ።»

«ስለ ምን ፈቀዱልኝ?»

«ውሸታም ብትሆን ኖሮ አልጠጣም ትለኝ ነበር።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኩሜ፣ በአገሩ አጠራር አዴ ኩሜ፣ ደግ ሴት ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ዓርብ ዓርብ ይብስባቸው ነበር። አንጮቴ የሚባል የሥር ተክል አለ፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ ቅቤ ጠጥቶ ይቀርባል። መዓዛው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። በመጀመሪያው ዓርብ አንድ ገበታ ሙሉ ይዘውልኝ መጡ።

«አዴ፣ ዛሬ ጾም ነው» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለእግዚአብሔር።»

«እግዚአብሔር ቅቤ የሚጠላ ቢሆን ላምን ስለ ምን ይፈጥራል?» አሉና፣ ገበታውን አስቀምጠው ሄዱ። እኔም እያየሁት ዋልኩ፤ እያየሁት አደርኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሳልታጠብ በላሁት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ሰላምታቸው ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ሰው ሲያጋጥም «ከየት ነህ?» ይባላል፤ የቦታውን ስም ነግሮ ማለፍ ነው። በነቀምቴ ገበያ ግን «አካም ጅርታ? ፈያ? ነጋ?» ተብሎ፣ የጤናውና የሰላሙ ጥያቄ ከተዳረሰ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ከን ኤኙ ቲ?» ነው፤ የማን ነህ? ከየት አይደለም፤ የማን። እኔም ትክክለኛ የመሰለኝን መልስ እሰጥ ነበር። «የመንግሥት ነኝ» እላለሁ። ቅቤ ሻጯ ወዲያው እጇን ትሰበስባለች፤ አጠገቧ ያለችውም ሚዛኗን ትሸፍናለች።

በኅዳር ተማሪዎቼን ወንዝ ላሳይ ብዬ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወረድኩና ወባ ይዤ ተመለስኩ። ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ የምታወጣው ድሬሰር ሌንሴ ነበረች። ቀጠን ያለች፣ በሁለቱም ቋንቋ እኩል የምትቀልድ ልጅ ነች። እየተንቀጠቀጥኩ ፊቷ ተቀመጥኩ።

«ስም?»

ነገርኳት።

«የቅርብ ዘመድ?»

«የለም።»

«ባርሲሳ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው፤ «ቦታው ባዶ አይተውም። ብትሞት ለማን እንንገር?»

«ለመንግሥት።»

እርሳሷን አስቀመጠች። «መንግሥት ለቅሶ ይቀመጣል?»

አልሞትኩም። ይልቁንም ከዳንኩ በኋላ ያለ ምክንያት ክሊኒክ መመላለስ ጀመርኩ። ሌንሴ በደብዳቤ ትምህርቷን እየቀጠለች ስለ ነበር ጂኦግራፊ አስጠናት ጀመር፤ ወደ ቤቷ ወደ ጨለለቂ ስትሄድ እስከ መንገዱ አጋማሽ እሸኛታለሁ። ከግማሹ አላልፍም፤ ሥርዓት ነው። በእርሷ ፊት ዝናቡ እንኳ አላስከፋኝም። አንድ ቀን፣ ከብዙ ማሰብ በኋላ፣ ሽማግሌ ልልክ እንደምፈልግ ነገርኳት።

«አባቴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከን ኤኙ ቲ?» አለችኝ። «እሱን መመለስ የምትችል ከሆነ ላክ።»

«የእናንተስ ጎሳ ማን ይባላል?»

«የራስህ ሳይኖርህ የእኔን ምን ልታደርገው ነው?» ብላ ሳቀች። ኩራቴ ተነካና ደግሜ ሳልጠይቃት ቀረሁ። በዚያው ሳምንት ለክትባት ሥራ ሦስት ወር ወደ ግምቢ ተላከች።

እንግዲህ የእኔን ነገር ተመልከቱ። ችግሩ ጎሳ ማጣቴ ከሆነ መፍትሔው ጎሳ ማግኘት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለእኔ ጎሳ እንደ አጥቢያ ነበር፤ የአንዱ ደብር ምእመን በአንድ ሠፈር እንደሚኖር ሁሉ፣ የበከኒሳ ቀሴ ሰው አንድ ጎሳ፣ የጨለለቂ ሰው ሌላ ጎሳ መሰለኝ። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ በራሴ ዕውቀት ነው። ማታውን ወደ ኦቦ ዋቅጅራ ሄድኩ።

«ጎሳ እንዴት ይገኛል?»

«ይወለዱታል።»

«ከመወለድ ሌላስ?»

መላጊያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጡ። «ሞጋሳ የሚባል የጥንት ሥርዓት ነበር። እንግዳ ሰው ስም ተሰጥቶት የጎሳው ልጅ ይሆናል። እኛ ወንጌል ከተቀበልን ወዲህ ብዙም አናደርገውም፤ አባቴ ግን ወንጌሉንም ይህንንም ይዘዋል። ምን ልታደርገው ፈለግህ?»

«ሰው ሆኜ ልኖርበት» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። በእኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ሳይደርስ የልጅቱ ስም አይነሣም፤ ነገሩ ያልተሳካ እንደሆነ ስሟ እንዳይጎድፍ ነው። እኔም ይህን ሥርዓት ከወምበርማ ይዤ መጥቻለሁና የሌንሴን ስም ዋጥኩ።

የኦቦ ዋቅጅራ አባት አካኮ ደበላ የሚኖሩት በኡኬ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነች። «አካኮ» አያቴ እንደ ማለት ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘ፣ አማርኛ የማይሰሙም የማይናገሩም ሽማግሌ ነበሩ። የምምለውን ቃል አስቀድሜ አስጽፌ በደብተሬ ያዝኩ፤ የምትወዱትን እወዳለሁ፣ የምትጠሉትን እጠላለሁ፣ በሄዳችሁበት እሄዳለሁ፣ የሚል ነው። ለመማል ግን ዝርዝሩን ማወቅ ስላለብኝ በኦቦ ዋቅጅራ በኩል ጠየቅኋቸው።

«የሚጠሉት ምንድን ነው?»

አሰብ አደረጉ። «መሬት ለኪውን» አሉ። «ዝንጀሮንም።»

«የሚወዱትስ?»

«ማር።»

በሦስቱም ያለ ተቃውሞ ማልኩ። በግ ታረደ፤ እርጥብ ሣር በእጄ አስያዙኝ፤ ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ መረቁኝ። ስሜንም ፊሮምሳ አሉት፤ ዘመድ ያደረገ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአካኮ ደበላ ልጅ፣ የኦቦ ዋቅጅራ ታናሽ ወንድም ሆንኩ። አባቶቼን እስከ ዐሥር ቤት እንድቆጥር አስተማሩኝ፤ እኔም ለፈተና እንደሚያጠና ሰው በአንድ ምሽት ሸመደድኳቸው። ኦቦ ዋቅጅራ ሰምተው፣ «እኔ እንኳ ሰባተኛው ላይ እሳሳታለሁ» አሉ። የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ማንም ሳይጠይቀኝ የማን እንደሆንኩ ለቅቤ ሻጯ ነገርኳት፤ ጭላፊ ቅቤ መረቀችልኝ።

ሌንሴ ከግምቢ በተመለሰች በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ። በእኛ ሥርዓት ሦስት ነበር የሚያስፈልገው፤ ያገኘሁት ሁለት ነው። አንደኛው የቡልጋ ተወላጅ የሆነው የፖስታ ቤት ጸሐፊ አቶ ማሞ ነው፤ ሌላው አዲሱ ወንድሜ ኦቦ ዋቅጅራ። ቤቱን የሚያውቀው ማሞ ብቻ ነበር፤ ኦቦ ዋቅጅራ «ደጁ ላይ ስንደርስ ይነገርዎታል» ተባሉ። ማሞ በቃል እንዳይሳሳት የዐሥሩን አባቶቼን ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ሰጠሁት። እኔም እየተከተልኩ ሄጄ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋንዛ ሥር፣ በካፊያ ቆምኩ።

ኦቦ ዋቅጅራ ከደጁ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ማሞ፣ ትንሽ ቆየኝ። ይህ የፍርድ ቤት አስተርጓሚው የፉፋ ቤት ነው። ዘመዳችን ነው፤ ሰላም ሳልለው ባልፍ ይቀየመኛል።»

ማሞ ይህን የሽማግሌ ዘዴ አድርጎ ወሰደው። ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ያን ጊዜ መጮኽ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፈገግ አልኩለት።

አጥሩ የሸንበቆ ስለሆነ ሁሉም ይሰማ ነበር። ኦቦ ፉፋ ከብዙ ዘመን ሥራ የተነሣ ሁሉን ነገር በሁለቱም ቋንቋ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «ተቀመጡ፣ ታኣ» አሉ፤ «ወተት ጠጡ፣ ኣነን ዱጋ» አሉ። ከዚያ ማሞ ጉሮሮውን አጠራ።

«የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጅዎን ሌንሴን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው።»

ኦቦ ዋቅጅራ በወተቱ ትን አላቸው።

«ልጃችሁ የማን ነው? ከን ኤኙ ቲ?» አሉ ኦቦ ፉፋ።

ማሞ ወረቀቴን ዘረጋ። «ፊሮምሳ ደበላ፣ ደበላ ሆርዶፋ፣ ሆርዶፋ ቱጁባ፣ ቱጁባ ሰርዳ...»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። «የእኔን አባቶች ምን አድርገው ብለህ ነው እዚህ ቤት የምታነባቸው?»

«የእርስዎን?»

«የእኔን! ደበላ አባቴ ነው! ይህ ሰው ደግሞ የጎሳዬ ሰው ነው! ማንን ነው የምትጠይቀው፣ ለማን?»

«ይቀጥል። ሃ ኢቱ ፉፉ» አሉ ኦቦ ፉፋ በረጋ ድምፅ። ማሞም ታዛዥ ሰው ነውና እስከ ዐሥረኛው አነበበ።

«አምስተኛው የእኔም አባት ነው» አሉ ኦቦ ፉፋ። «ከዚያ ወዲያ ያሉትም ሁሉ። አንድ ስሕተት የለበትም። ማን ጻፈው?»

«ራሱ መምህሩ።»

«ጎበዝ መምህር ነው» አሉ፤ ይህንንም በሁለት ቋንቋ።

በጎሳው ሥርዓት ከአንድ አባት የሚቆጠሩ ሰዎች አይጋቡም፤ በሞጋሳ የገባም ሰው በደም ከተወለደው አይለይም። ዜግነት መብት እንደሚሰጥ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ነበር፤ እኅት እንደሚሰጥ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ሌንሴ ጥላ ይዛ በአጥሩ በር ወጣች። ከሳቋ የተነሣ ዓይኖቿ ርሰው ነበር፤ ሳቅ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለችኝ፤ ወንድሜ፤ «ዝናብ እየመታህ ነው፤ ግባ።»

ከሦስት ቀን በኋላ በክሊኒኩ በር አገኘኋት። አልሳቀችም። «ባዶህን ብትመጣ ኖሮ» አለችኝ፤ «አባቴ አንድ ጊዜ እምቢ ይል ነበር፤ ሁለተኛም እምቢ ይል ነበር፤ በሦስተኛው ይሰጥህ ነበር። እናቴን ያኔ አስማምቼልህ ነበር። ማን ጎሳ አምጣ አለህ?»

«አንቺ።»

«እኔ የጠየቅሁህ የሚቆምልህ ሰው አለህ ወይ ብዬ ነው።»

መፍትሔ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት። መንገዱ ሁለት ነው አለችኝ። አካኮ ራሳቸው ከለቀቁኝ፣ ያ ነው። ካልሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ወንድሟ አይደለም ብሎ ከወሰነ፣ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የዳኛን ቃል ሲያስተላልፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ቃሉን አይክዱም። «ከሁለቱ አንዱን አምጣ፤ እኔ አለሁ» አለችኝ።

ኡኬ ወረድኩ። አካኮ ደበላ ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ኦሮምኛዬ ለመለመን የሚበቃ ሆኖ ነበር፤ እንዲለቁኝ ለመንኳቸው።

«እሺ» አሉኝ። «መጀመሪያ በጉን አስነሣው።»

«የትኛውን በግ?»

«የታረደልህን። እሱ ተነሥቶ ሣር ከጋጠ አንተም ትሄዳለህ።» አሉና፣ ቀፎውን እንድይዝላቸው አዘዙኝ።

የቀረው የመንግሥት ሕግ ነው። ማመልከቻዬን አራት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጉዲፈቻ በጽሑፍ ውል ተደርጎ በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት፤ የእኔ ግን በበግና በሣር ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ራሱን ከእነዚሁ ሰዎች ነበር የወሰደው፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቃል ልከራከራቸው ነው።

በቀጠሮው ቀን አካኮ ደበላ ከኡኬ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ፤ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በቅል አንጠልጥለዋል። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሳቸው ልጃቸው የታሰረ መስሏቸው ኖሯል።

«ማንን መታህ?» አሉኝ በጆሮዬ።

«ማንንም አልመታሁም።»

«ታዲያ ሳትመታ እንዴት ይከሱሃል? ግድ የለም፤ ዋስ ይዤ መጥቻለሁ። ብላ» ብለው ቅሉን ሰጡኝ። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

ዳኛው የዚያው አገር ተወላጅ ነበሩ፤ ኦሮምኛን በእናታቸው ጀርባ ነው የተማሩት። ነገር ግን የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ፣ የሰሙትን ቃል እንዳልሰሙ ሆነው እስኪተረጎምላቸው ይጠብቁ ነበር። አስተርጓሚው ደግሞ ኦቦ ፉፋ ናቸው፤ ሌላኛው አስተርጓሚ ታሞ ቀርቷል። ዳኛው ማመልከቻዬን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰው የእገሌ ልጅ ነኝ ብሎ ሲከራከር ዘመኔን ሁሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «የማንም አይደለሁም ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ይተርጎምላቸው።»

ኦቦ ፉፋ ተረጎሙ። ቃል አልጨመሩም፤ ቃል አልቀነሱም። አካኮ ደበላ አዳመጡና ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያ ኦቦ ፉፋን አንድ ነገር ጠየቋቸው።

«‹ወባው ተነሥቶበት ነው?› ይላሉ።»

«ልጅዎ ስለ መሆኑ ወረቀት አለዎት ወይ? በሏቸው።»

አካኮ ሲመልሱ የዳኛው ጢም ከትርጉሙ በፊት ተንቀጠቀጠ። ኦቦ ፉፋ ግን በሥነ ሥርዓቱ ተረጎሙ፤ «‹ለዋቅጅራም የለኝም› ይላሉ።»

ዳኛው ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው ወደ እኔ ዞሩ። «ሕጉ ግልጽ ነው። ወረቀት ከሌለ ጉዲፈቻ የለም። ለመዝገቡ የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተነሥና እኒህ ሰው አባቴ አይደሉም ብለህ በአንደበትህ ተናገር፤ ይጻፋል፤ ትሄዳለህ።»

ተነሣሁ። አካኮ ደበላም ተነሡ። ልጅ ዳኛ ፊት ሲቆም ዋሱ አብሮ ይቆማል ብለው ነው፤ መጥተው በግራዬ ቆሙና የኮቴን እጅጌ ያዙ። ቅቤው ገና በጣቴ ላይ ነበር። ቃሉ አራት ቃል ነው፤ አማርኛ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምናገረው ቋንቋ ነው። ሌንሴ ምሳ ሰዓት ክሊኒኩ በር ላይ እንደምትጠብቀኝም አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤ እንደገና ከፈትኩ።

«ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ» አልኩ።

ኦቦ ፉፋ ለአካኮ ደበላ ተረጎሙላቸው። በዚያ ጊዜ እንግዲህ እኔም እሰማ ነበር። «ልጅዎ፣ ‹ዳኛው አባቴን አይተው እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው ያስጠራኋቸው› ብሏል» ነው ያሏቸው። በዚያ ፍርድ ቤት በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቃል አሳስተው አያውቁም ነበር። ዳኛው ቀና ብለው አዩአቸውና መልሰው ወደ መዝገቡ አጎነበሱ። መዝገቡ የሚመዘግበው አማርኛውን ብቻ ነው።

ለሌንሴ መንገር አላስፈለገኝም፤ ከእኔ በፊት ወሬው ደርሷታል። «የሚቆምልህ ሰው አለህ ማለት ነው» አለችኝ፤ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በሁለተኛው ዓመት ከግምቢ የመጣ ድሬሰር ጠየቃት። ወንድም እንደ መሆኔ የጠያቂዎቹን ሽማግሌዎች የመመርመሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ በመዝገብ የምታወቅ ጠንቃቃ ሰው ነኝና። ዐሥር አባት እንዲቆጥሩ አደረግኋቸው። ዐሥሩ ሲያልቅ ድገሙት አልኳቸው። ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛም እንዲጨምሩ ጠየቅሁ። ከእኛ አባቶች የአንዱ ስም እንዲወጣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። አልወጣም። ኦቦ ዋቅጅራ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ «ይበቃል፣ የኖኅ ልጆች ላይ ሊደርሱ ነው» አሉኝ። በሠርጓም ቀን ደግፌ ወደ ላንድሮቨሩ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ የወንድም ሥራ ነው። ቀሚሷ በር እንዳይዘው ጠርዙን ሰብስቤ በእጇ ሰጠኋት። አካኮ ደበላ ከመረቁ በኋላ በሠርጉ ላይ ከሁሉ የሠራ እኔ እንደሆንኩ ለሰው ሁሉ ሲናገሩ ዋሉ።

በማግስቱ ስልክ ቤት ሄድኩ። እናቴ ከወምበርማ ቡሬ ድረስ በእግሯ መጥታ እንድትጠብቀኝ አስቀድሜ ልኬባት ነበር። መስመሩ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጫጫል።

«አገባህ እንዴ ልጄ? ለዚህ ነው ያስጠራኸኝ?»

«አይደለም እማ። እኅቴን ድሬ ነው።»

«የምን እኅት? እኔ ከአንተ ሌላ አልወለድኩም።»

«እዚህ ያገኘኋት ናት። የሰጡኝ።»

ቴሌፎኒስቷ ደቂቃው እያለቀ መሆኑን ተናገረች።

«ይሁን» አለች እናቴ፤ «እኅትህ ከሆነች ልጄ ናት፤ በጸሎቴ ላስባት። ስሟ ማን ነው?»

«ሌንሴ።»

«አልሰማሁህም። ድገመው።»

«ሌንሴ» አልኩ።

ያን ጊዜ መስመሩ ጠርቶ ነበር፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

«ልጄ» አለችኝ፤ «የእኅት ስም እንደዚህ አይጠራም።»